ሰንደቁ ቆሟል፣ ዓላማው የታለ?

ወገኖች፣ በሰንደቅ ዓላማችን ላይ ኮከቡ ይኑር አይኑር እያላችሁ ሌሊቱን ሙሉ ትጨቃጨቃላችሁ። ሲነጋ ደግሞ በመሥሪያ ቤታችሁ በር ላይ በተሰቀለው ሥር ቀና ሳትሉ ታልፋላችሁ። እስቲ ዛሬ እዩት። ቀዩ ሮዝ ሆኗል፣ ቢጫው ነጥቷል፣ ከእንጨቱ የራቀው ጫፍ ተተልትሎ እንደ ጥላ ዘርፍ ተንጠልጥሏል። ሰንደቅ ማለት እንጨቱ ነው፣ ዓላማ ጨርቁ። በብዙዎቻችሁ ግቢ የቀረው ሰንደቁ ብቻ ነው።

ጫፉ ቀድሞ የሚያልቀው ነፋሱ እንደ ጅራፍ ስለሚያጮኸው ነው። ስትገዙ መጀመሪያ እሱን ፈትሹ። አንድ ረድፍ ስፌት ብቻ ካለው ለልብስ ሰፊ ስጡና ሁለቴ አጥፎ ሦስት ረድፍ ይስፋላችሁ። መተልተል ሲጀምር በዚያው ሳምንት አውርዱት፤ ክሩ ከተፈታ እስከ ዓርማው ይሄዳል። ጫፉን እየቆረጣችሁ ደጋግማችሁ ብትቀመቅሙት ደግሞ ልኩ ይጠፋል፤ ያኔ አዲስ ግዙ። ወርዱ የርዝመቱ እኩሌታ ነው፦ ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ርዝመቱ 180፣ እያንዳንዱ ቀለም 30። በውጭ ያላችሁ በኢንተርኔት የምታዙት 90 በ150 ፋብሪካው ለሁሉም አገር የሚቆርጠው ልክ ነው፤ የእኛ አይደለም።

ይህስ የችላ ባይነት ነው። ገልብጦ መስቀልን ግን ምን እንበለው? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 አረንጓዴ ከላይ፣ ቢጫ ከመሃል፣ ቀይ ከታች ይላል። ዓርማ የሌለውን ስትገለብጡት የቦሊቪያን ሰቀላችሁ፤ መሃሉ ላይ ጥቁር ኮከብ ብትጨምሩበት ጋና ነው። ዓርማ ያለውን መለየት ቀላል ነው፦ የኮከቡ አንድ ጫፍ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይቆማል። ሁለት ጫፎች ወደ ላይ ካያችሁ ተዘቅዝቋል። ይህን ገመዱ ላይ ከመቋጠራችሁ በፊት፣ መሬት ሳይነካ በሁለት ሰው ዘርግታችሁ እዩ። ግድግዳ ላይ በቁሙ ሲወርድ አረንጓዴው በተመልካቹ ግራ ይሁን። በስብሰባ አዳራሽ መድረክ ላይ በጣም የሚሳሳቱት ይህን ነው።

«ድሮ ቀዩ ከላይ ነበር» የሚል ብልጥ አይጠፋም። ነበር፤ ግን ከብዙ ዘመን በፊት። ከዚያ ወዲህ አንበሳው በ1967 ዓ.ም ዘውዱን ቢያወልቅ፣ ሰማያዊው ክብ በ1988 ቢገባ፣ የቀለሙ ቅደም ተከተል አልተነካም። በዓርማው የምትጣሉትም ቢሆን በዚህ አትለያዩም፤ ታዲያ የማትለያዩበትን እንኳ በትክክል መስቀል ለምን ያቅታችሁ?

ለሐዘን ዝቅ ሲደረግ መጀመሪያ እስከ ጫፍ ይወጣል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ማታ ሲወርድም እንደገና ጫፍ ደርሶ ነው። ከመሃል ጀምሮ የሚጎትት ዘበኛ አይወቀስ፤ ማንም አላሳየውም።

የሰንደቅ ዓላማ ቀን የጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ ነው። ያለፈበትን ጨርቅ የሚተካ አዲስ ለመግዛት ያን ሰኞ ጠዋት አትጠብቁ፤ ቀደም ባለው ሳምንት አንዳችሁ መሰላል ይዛችሁ ገመዱንና መዘውሩን እዩ፤ የዛገ መዘውር አዲሱንም በወር ይበላዋል።