ቲሊክ ለፎየርባኽ እጅ አልሰጠም
የጽሑፉ ጸሐፊ ስለ ሥነ መለኮት ሊቁ ጳውል ቲሊክና አምላክን የሰው ምኞት ነጸብራቅ ስላደረገው ፈላስፋ ስለ ፎየርባኽ ሲጽፉ «ቲሊክ ‹እግዚአብሔር አለ› ማለት ስሕተት ነው በማለቱ ለፎየርባኽ እጁን ሰጠ» ያሉት አያስኬድም። ቲሊክ እ.ኤ.አ. በ1951 ያነሣው ነጥብ ሌላ ነው፤ ካሉት ነገሮች እንደ አንዱ የሚቆጠር ማንኛውም ነገር ባይኖርም ይችል ነበር፤ እንዲህ ያለው ደግሞ አምላክ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ የህልውና ሁሉ መሠረት ይለዋል እንጂ ከሁሉ የገዘፈ ተጨማሪ ነገር አያደርገውም። ፎየርባኽ በ1841 «አምላክ የሰው ባሕርይ ወደ ሰማይ ተንጸባርቆ ነው» ሲል፣ ቲሊክ «አባት፣ ንጉሥ፣ ዳኛ» የሚሉት ሥዕሎች ከኛው ኑሮ መወሰዳቸውን አይክድም፤ የሚጠይቀው ምስሉ የሚያርፍበት ግድግዳ ከየት መጣ ብሎ ነው። የቲሊክ ሐሳብ የሚያነክሰው ጸሎት ላይ ነው፦ «መሠረት»ን ማን «አንተ» ብሎ ይለምነዋል? ቲሊክ አምላክ ግለሰብ ባይሆንም ከግላዊ አካል አያንስም ብሎ አለፈው፤ አይበቃም። ከላይ ስለ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ስለ ማሪዮን «ጉዳዩን ማሪዮን ጨርሶታል» ያሉት አስተያየት ሰጪም ቸኩለዋል። ማሪዮን በ1982 ፈላስፋው ሃይደገር አምላክን በህልውና ሐሳብ በሚያስረዳ ፍልስፍና ላይ ካቀረበው ትችት ተነሥቶ ህልውና የሚለው ሐሳብ ራሱ ጣዖት ሊሆን እንደሚችል አሳየ፤ አምላክ ከቃልና ከሐሳብ በላይ ነው ባለው በጥንቱ ክርስቲያን ጸሐፊ በዲዮናስዮስ መንገድም ፍቅርን አስቀደመ። ግሩም ነው፤ ግን ፎየርባኽ ይበልጥ የሚበረታው እዚያው ፍቅር ላይ ነው፤ መለኮታዊ የሚባለው ፍቅሩ ራሱ ከሆነ ከበስተጀርባው ሌላ ባለቤት ምን ይሠራል ይላል። ማሪዮን ፍቅሩ የሚሰጠን እንጂ ከኛ የሚመነጭ አይደለም ብሎ ይመልሳል፤ ስጦታውን ከራሳችን ምኞት የምንለይበትን መመዘኛ ግን ፍልስፍናው አያቀርብም፤ እሱም ለዚያ የሚሄደው ወደ ቅዱስ ቁርባን ነው።