የዘጠኝ ዓመት ልጅ ለጣለ ጀግና

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ሐይቁንና ሰማዩን አንድ ግራጫ ጨርቅ ባደረገበት ሰዓት፣ የእህቴን ልጅ ይዤ ከሐዋሳ ፒያሳ ብዙም ወደማይርቅ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ገባሁ። ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ክረምቱን እኛ ዘንድ ሊያሳልፍ መጥቶ ጀልባውን ጠግቧል፣ ዓሣውን ጠግቧል፣ የጦጣዎቹን ሌብነት ሳይቀር ጠግቧል። የቀረው ምኞት አንድ ነበር፤ በስክሪኑ ውስጥ ያለ ጡንቸኛ ሰው፣ እርሱ ቁልፍ በተጫነ ቁጥር፣ ሌላውን ጡንቸኛ ሲመታለት ማየት። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ሳልነግረውም ያውቀዋል። ሊቁ ተቀምጦ ነበር።

በየፕሌይስቴሽን ቤቱ አንድ ሊቅ አለ። ዕድሜው ወደ ሠላሳ ይጠጋል፤ ጢሙን በጥንቃቄ አስተካክሏል፤ ጆይስቲኩ የቤቱ ሳይሆን የራሱ ነው፤ ደብተራ ዳዊቱን በማኅደር እንደሚይዝ እርሱም በዚፕ በሚዘጋ ቦርሳ ይዞት ይመጣል። የቤቱ ሕግ «የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል» ስለሆነ፣ ሊቁ ከኪሱ ብር ካወጣ ስንት ክረምት እንዳለፈ ባለቤቱም አያስታውስም። ወንበሩ የእርሱን ቅርጽ ይዞ ጎድጉዷል።

የእህቴ ልጅ ሰባት ጊዜ ተቀመጠ፣ ሰባት ጊዜ ወደቀ። ከሰባቱ አራቱ «ፐርፌክት» ናቸው፤ ሊቁ ከሕይወት መስመሩ ላይ አንዲት ፀጉር ሳትጎድልበት ነው የጨረሰው። አንዱ ጨዋታ ሠላሳ ብር ነው። ሰባት ጊዜ ሠላሳ ስንት እንደሆነ ልጁ የዚያን ዕለት ተማረ። ሌላ ሰው ቢሆን ያማርር ነበር። እኔ ግን ብዕሬን ያነሳሁት ለማመስገን ነው።

ከሁሉ በፊት፣ ልጁን ከደስታ አደጋ ስላተረፈልን ሊቁ ዕድሜ ይስጠው። ደስታ ልጅን ያባልጋል። ዛሬ አንድ ቡጢ አርፎለት የሳቀ ልጅ ነገ ሁለተኛውን ይመኛል፤ ከነገ ወዲያ ጓደኞቹን ይጠራል፤ ቤቱም በማይገባቸው ሰዎች ሳቅ ይሞላል። ሊቁ ይህን ጥፋት ከምንጩ አደረቀው። በዚያ ላይ ትምህርቱ አለ። ልጁ አንድ እርግጫ ሰንዝሮ ሊቁ ሲከላከልበት፣ ማብራሪያው ወዲያው ተከተለ፤ «ማሙሽ፣ ይህ እርግጫ ብሎክ ከተደረገ በአሥራ አምስት ፍሬም ያስቀጣል።» እውነቱን ነው። ሥዕሉ በሰከንድ 60 ጊዜ ይለወጣል፤ እያንዳንዱ ለውጥ አንድ ፍሬም ይባላል፤ እነርሱ በሚፋለሙበት ጨዋታ፣ በቴከን፣ ፈጣኑ ቡጢ ዒላማው ላይ ለመድረስ 10 ፍሬም ይፈጅበታል፤ ይህም የሰከንድ አንድ ስድስተኛ መሆኑ ነው። ሊቁ ይህን ሂሳብ ለሁሉም ተፋላሚዎች በቃሉ ይወጣዋል። የእህቴ ልጅ ደግሞ የማባዛት ሠንጠረዡን ከስድስት አላሻገረም። የተነገረውን ለመረዳት አንገቱን ወደ ሊቁ ሲያዞር ስድስት ምት ተደርድሮ አረፈበት። «አየህ?» አለው ሊቁ።

ጥልቀቱን የምጠላ ሰው አይደለሁም። እኔም በጊዜዬ አውራ ጣቴ እስኪላጥ ቴከን 3ን ተጫውቻለሁ። ያ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ ፕሌይስቴሽን ሲመጣ ኤዲ ጎርዶ የሚባል ብራዚላዊ ይዞ መጣ፤ ጭፈራ የሚመስለው የብራዚል ፍልሚያ፣ ካፖይራ፣ ነበር ስልቱ። ሁለቱን የእርግጫ ቁልፎች እንደመጣልህ ብትቀጠቅጥ ኤዲ እየተገለባበጠ፣ በእጁ እየቆመ፣ ዓይን በሚያፈዝ ጭፈራ ባላንጣውን ያጣድፈው ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ኤዲ ሆነ። አንዲት ቃል የማያውቅ ሰው ያሸንፋል፣ ይስቃል፣ ነገ ይመለሳል። ከዚያ አንድ ቀን አንዱ ጎበዝ ዝቅ ብሎ መከላከልን አወቀና ኤዲያችንን አዋረደው። ተናደድን፤ ሁላችንም ዝቅ ብሎ መከላከልን ተማርን። ከዚያ ሌላ ነገር መጣ፤ እርሱንም ተማርን። በሩ ሰፊ፣ ውስጡ ደረጃው የማያልቅ ቤት ነበር። መጀመሪያ ግን አስገብቶናል። ደግሞም የሚያሸንፈን ጎበዝ ከእኛው ጋር አብሮ የገባ፣ ትናንት እኛም የመታነው ልጅ ነበር።

ጨዋታ ሠሪዎቹ ይህን በር ክፍት ለማድረግ ሲደክሙ ዓመታት ተቆጥረዋል። ሊቁም በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቅላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ሌላው የፍልሚያ ጨዋታ፣ ስትሪት ፋይተር 6፣ ለጀማሪ «ሞደርን» የተባለ አያያዝ አዘጋጀለት፤ ድሮ አውራ ጣት ከታች ወደ ፊት አሽከርክሮ ቡጢ በመጫን የሚወጣው የእሳት ኳስ አሁን በአንድ ቁልፍ ይወጣል። በነፃ ግን አይደለም፤ በአቋራጭ የወጣ ልዩ ምት ጉዳቱ በ20 በመቶ ይቀንሳል። ጀማሪው ግብሩን ከፍሎ ነው የገባው ማለት ነው። በ2024 የወጣው ቴከን 8ም በጨዋታው መሃል በአንዲት ቁልፍ የሚከፈትና የሚዘጋ ቀላል ስልት አለው። የእህቴ ልጅ በሦስተኛው ጨዋታ ያችን ቁልፍ በድንገት ነካት። ተፋላሚው በድንገት አማረበት፤ ልጁ ከወንበሩ ብድግ አለ። ሊቁ ጨዋታውን አቆመ። ጆይስቲኩን ከልጁ እጅ ወሰደ፤ ቁልፏን ራሱ ተጭኖ ዘጋት፤ «ይህ የሰነፍ ነው» ብሎ መለሰለት። ኮምቦ የሚባለው፣ ባላንጣው ሳይተነፍስ ምት በምት ላይ የሚደረደርበት የሊቁ ቅዱስ ሥርዓት ራሱ በስትሪት ፋይተር 2 ውስጥ ሳይታሰብ የተገኘ ነገር ነው፤ መኪና በሚሰባበርበት ክፍል ስህተት ሲፈተሽ አንዱ ምት በሌላው ላይ ሲደረብ ታየ፤ ሠሪዎቹም እንደ ድብቅ ነገር ተዉት። በድንገት የተነካች ቁልፍን የሚረግመው ሊቅ፣ በድንገት ከተገኘ ነገር ላይ ሊቅነቱን ሠርቷል።

ይህ የተባረከ አሠራር በፕሌይስቴሽን ቤት ብቻ ተወስኖ መቅረቱ ግን ያሳዝነኛል። ለምን ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ አንወስደውም? ጠዋት ጀልባዎቹ ገብተው ቆሮሶው ሲራገፍ ሊቁ በሩ ላይ ይቁም። እንግዳው ቤተሰቡን ይዞ ከአዲስ አበባ መጥቶ ጥብስ ያዛል። «ቆይ ወንድሜ» ይላል ሊቁ፤ «የቆሮሶ የጀርባ እሾህ ስንት ነው?» እንግዳው አያውቅም። «የጎኑስ?» እርሱንም አያውቅም። «ታዲያ እንዴት አድርገህ ልትበላው ነው? በጣትህ እንደመጣልህ እየፈለፈልህ?» እንግዳው ያፍራል። ሊቁ ያስረዳዋል፤ ከጭንቅላቱ የጀመረ በላተኛ ከጅራቱ ከጀመረው በሦስት ጉርሻ ይዘገያል፤ ሎሚውን ቀድሞ የጨመቀ ዳጣው ላይ ሲደርስ ይቀጣል፤ ዳቦውን በግራ እጁ የያዘማ ጎኑ ክፍት ነው። ይህን ብሎ ከፊቱ ይቀመጥና፣ እንግዳው የመጀመሪያዋን ጉርሻ አፉ ሳያደርሳት፣ ዓሣውን አጥንቱ ብቻ እስኪቀር በአንድ ትንፋሽ ይጨርስበታል። ፐርፌክት። ሂሳቡን የሚከፍለው ማን ነው? የተሸነፈው። ሚስቱም ትቀመጣለች፤ እርሷም ትሸነፋለች። ትልቁ ልጅ ይሸነፋል፣ ትንሿ ልጅ እሾህ ትሰነቅራለች፣ አያትየው ጥርስ ስለሌላቸው ሳይሞክሩ ይከፍላሉ። «ሰው የሚማረው ከመሸነፍ ነው» ይላል ሊቁ፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ። ከተማው በሙሉ እየራበው ይማራል።

አባ ኮዳዎቹ ብቻ አስቸገሩ። እነዚያ ራሰ በራ፣ ካፖርት የደረቡ ጡረተኞች የሚመስሉ ወፎች ዳር ቆመው የተጣለውን የዓሣ ጭንቅላት ሳያጠኑ፣ ሳያሰሉ፣ በየትኛው ወገን እንደሚገባ ሳይጠይቁ ይውጣሉ። ሊቁ ይህን ሲያይ ሆዱን ያመዋል። አንዷን ጠርቶ ስለ አንገት አያያዝ ሊያስተምራት ይሞክራል። በአንድ ዓይኗ ታየዋለች። ከዚያ ጭንቅላቱን (የዓሣውን ማለቴ ነው) ዋጥ አድርጋ ክንፏን ትዘረጋለች። ሊቁም «ማጭበርበር ነው! ዝም ብሎ መዋጥ ማጭበርበር ነው!» እያለ በሐይቁ ዳር እስከ ጉዱማሌ ድረስ ይከተላታል። እርሷ ግን ዛሬ ሦስተኛዋን ጭንቅላት ውጣለች፤ ነገም ትመጣለች፤ ጓደኞቿንም ይዛ ትመጣለች።

ከዓሣው እንመለስ። ሊቁን «ለምን አንድ ዙር አትለቅለትም?» ብዬ በትሕትና ጠየቅሁት። መልሱ ዝግጁ ነበር፤ የፓኪስታኗ ከተማ ላሆር። አርስላን አሽ የሚባለው የላሆር ልጅ እ.ኤ.አ. በ2019 ኢቮ በሚባለው ታላቅ የፍልሚያ ጨዋታዎች ውድድር፣ በጃፓኑም በአሜሪካውም፣ በቴከን 7 አሸነፈ፤ ዓለም ጉድ አለ። ሊቁ እንደሚለው ያ ሰው ማንም ስላልለቀቀለት ነው እዚያ የደረሰው። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ነገር ግን አርስላን ካሸነፈ በኋላ የተናገረው፣ አገሩ ውስጥ ከእርሱ የማይተናነሱ ሌሎች ተጫዋቾች መኖራቸውን ነው። ላሆር ውስጥ ብዙ ሰው ነበር ማለት ነው። የእኛ ሊቅ ቤት ውስጥ ግን ሁለተኛ ሰው የለም። ሁሉንም አባሯቸዋል። አርስላንን የሚያፈራው ሠላሳ ሰው የሚሻማበት ወንበር ነው፤ እርሱ የያዘው ግን ማንም የማይጠጋውን ወንበር ነው።

በስድስተኛው ጨዋታ ላይ ልጁ ዞር ብሎ፣ በፍጹም ጨዋነት፣ «ጋሼ፣ እኔስ መቼ ነው የምመታው?» ብሎ ጠየቀው። ሊቁ ሳቀ። እዚህ ላይ ሽሙጡ አልወጣልኝም። አንተ ሰውዬ፣ ይህ ሙያ አይደለም። ሙያ ያለው ሰው አንድ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ይጫወታል፣ አንድ ቡጢ ያስመታል፣ ሲመታም «ኧረ ጎበዝ!» ይላል። የዓመታት ልምምድህን ይዘህ፣ ዕድሜው ከዕድሜህ ሲሶ የማይሞላ ሕፃን ፊት ተቀምጠህ፣ ሠላሳ ብሩን እየቆጠርህ በጥያቄው ከሳቅህ፣ የተማርከው ነውር ነው። ሌላ ስም የለውም።

ይቅርታ። ወደ ምስጋናው ልመለስ።

የሌላው ወገን ጀግናም ይህን አንብቦ ደስ አይበለው። እርሱን ታውቁታላችሁ። በተሸነፈ ቁጥር አዲስ ሕግ የሚያወጣው ነው። መጀመሪያ «ይዞ መጣል ክልክል ነው» ይላል፤ ቀጥሎ «አንድ እርግጫ ሁለቴ አይደገምም»፤ በመጨረሻ መከላከልን ራሱ ፈሪነት አድርጎ ይከለክላል። ለእርሱ የሚመች ጨዋታ ሁለት ሰዎች ቆመው ተራ በተራ የሚኮረኮሙበት ነው። ሠሪዎችም አንዳንዴ ለእርሱ ያደሉለታል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ሱፐር ስማሽ ብሮስ ብሮል የተባለው የፍልሚያ ጨዋታ ተፋላሚው በሩጫ መሃል እንዲሁ በዕድል እየተደናቀፈ እንዲወድቅ አድርጎ ነበር። ጎበዙም ሰነፉም እኩል ይውደቁ! የጎበዞቹ መልስ ቀላል ነበር፤ ብዙዎቹ ከዚያው ጨዋታ ቀደም ብሎ ወደወጣው፣ ወደ 2001ዱ ሜሊ ተመለሱ፣ እስከ ዛሬም እርሱን ይጫወታሉ።

አባቶቻችን ይህን ክርክር ጨርሰውት እንደነበር ማን ለሊቁ ይንገረው? በመኳንንቱ ግቢ ይጫወቱት የነበረው የእኛው ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ ጨዋታው ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር አልነበረውም። ሁለቱም ባላንጣዎች ጠጠራቸውን በቻሉት ፍጥነት፣ እጅ በእጅ ላይ እየተደራረበ ያንቀሳቅሳሉ፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ። ይህ ወረራ ይባላል። ቁልፍ መቀጥቀጥ ማለት ይኸው ነው፤ ባለ ካባ ሰዎች የቀጠቀጡት። አንድ ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው ተራ በተራ የሚሆነው፣ ጥልቀቱም የሚገባው። ከዚህም የሚብሰው፣ በኃይለኞቹ ጠጠሮች ንጉሥ መያዝ ብዙም አያስመሰግንም ነበር፤ ሙያው በደካሞቹ መያዝ ነበር። የእኛ ሊቅ ግን በጣም ኃይለኛውን ተፋላሚ መርጦ፣ ቁልፉን የት እንደሚጫን ገና የሚፈልግ ልጅ ላይ ፐርፌክት አገባ። ያኔ ቢኖር ግቢው ድረስ ባልገባ ነበር፤ ምናልባት በቅሎ ይጠብቅ ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ ልንወጣ ተነሳን። ቤቱ ውስጥ ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም። ባለቤቱ በሩ ሥር ወንበር አስደግፎ አንቀላፍቷል። ሊቁ ጆይስቲኩን በእጁ እያገላበጠ፣ ያለ ቁጥር የተናገራትን ብቸኛ ዓረፍተ ነገር ተናገረ።

«ነገ ትመጣላችሁ?»

ልጁ ወደ ኪሴ አየ።