አብዮት በጋራ ኩሽና ውስጥ

ስለ ሩሲያ አብዮት ሲወራ የሚነሱት ሌኒን፣ ትሮትስኪና ስታሊን ናቸው። ነገሩን የለኮሱት ግን ዳቦ ፍለጋ በብርድ ሲሰለፉ የከረሙት የያኔዋ ዋና ከተማ የፔትሮግራድ ሴቶች ነበሩ። ማርች 8 ቀን 1917 እ.ኤ.አ. የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ሴት ሠራተኞች ሥራ አቁመው አደባባይ ወጡ። በሳምንቱ ንጉሠ ነገሥቱ (ዛሩ) ዙፋኑን ለቀቀ። እነዚያ ሴቶች ከዚያ በኋላ ምን በሉ? የት አደሩ?

የታሪክ ምሁሯን ሺላ ፊትዝፓትሪክን የማከብራቸው ይህን ስለጠየቁ ነው። ትውልዳቸው አውስትራሊያ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሞስኮ ሄደው መዝገብ ማገላበጥ ጀመሩ። በ1999 ባሳተሙት መጽሐፍ ደግሞ የ1930ዎቹን የሩሲያ ከተሜ ኑሮ አሳዩን። የተጠቀሙት ሰው ለባለሥልጣን የጻፈውን አቤቱታ፣ የፖሊስ ሪፖርትና ከአገር የወጡ ስደተኞች የሰጡትን ቃል ነው።

ያን ጊዜ አንድ ትልቅ አፓርታማ ለብዙ ቤተሰብ ይሸነሸን ነበር። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ክፍል፤ ኩሽናና ሽንት ቤት የጋራ። ኩሽናው ውስጥ ሁሉም የየራሱን የላምባ ምድጃ ያስቀምጣል። ማን ምን እንደሚያበስል፣ ማን ሥጋ እንዳገኘ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ጫማ የሚገኘው በዘመድ ነው። የጎረቤቱን ክፍል የተመኘ ሰው ደግሞ ቁጭ ብሎ ጥቆማ ይጽፋል። አንዳንዱ በዚያች ወረቀት ምክንያት ሌሊት ተወስዶ ቀረ።

የ1918ቱ ሕገ መንግሥት ከቄሶችና ከነጋዴዎች የመምረጥ መብት ነጥቋል። መዘዙ ለልጆቻቸውም ተረፈ፤ ትምህርትና ሥራ ተዘጋባቸው። ስለዚህ አንዳንዶቹ አባታቸውን እንደካዱ ጋዜጣ ላይ አስነገሩ። ከስንት የፓርቲ ጉባኤ ውሳኔ ይልቅ ይህ አንድ ነገር አብዮቱ ቤት ውስጥ ምን እንዳደረገ ያሳየኛል።

በ1980ዎቹ ሌሎች ምሁራን ፊትዝፓትሪክን አጥብቀው ተችተዋል። ስለ ተራው ሰው ውሎ ብቻ ከተጻፈ የመንግሥቱ ሽብር ይደበዝዛል ነው ነገሩ። ስጋቱ ይገባኛል። በ1937 እና 1938 ብቻ፣ በደኅንነት መሥሪያ ቤቱ በራሱ መዝገብ፣ ከ680,000 በላይ ሰው ተረሽኗል። ያንን የሚያድበሰብስ ታሪክ ምን ይረባል? ግን ኩሽናውን ማየት ሽብሩን አያሳንሰውም። ትእዛዙ የመጣው ከላይ ነው። እታች ደርሶ ጎረቤትን በጎረቤት ላይ ያስነሳው እንዴት እንደሆነ የምናየው ግን እዚያው ኩሽና ውስጥ ነው።

ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። ቀይ ሽብር የሚለውን ስም እንኳ ደርግ የወሰደው ከ1918ቱ ሩሲያ ነው። ስለ እኛው የ1966 ዓ.ም. አብዮት ባለሥልጣናትና የድርጅት ሰዎች ብዙ ጽፈዋል፤ ይጻፉ። ለስኳር ቀበሌ ሱቅ ደጃፍ የተሰለፉት እናቶች፣ ትርፍ ቤት ተብሎ የተወረሰባቸው አባወራዎች፣ በዚያ ቤት ተከራይተው የገቡት ሰዎች ግን ገና አልተጠየቁም ማለት ይቻላል። ብዙዎቹ አርጅተዋል። የታሪክ ትምህርት ክፍሎቻችን ተማሪዎቻቸውን መቅረጸ ድምፅ አስይዘው ዘንድሮውኑ ወደ እነሱ ይላኩ። ከቀበሌ የተረፈ ቃለ ጉባኤና ማመልከቻ ካለም አይጣል፤ አይቃጠል።