ጠበቃ የሌለው አረም የለም

ችግኝ መትከል ክብር አለው። ቲሸርት ይታተምለታል፣ ባነር ይሰቀልለታል፣ አካፋ ይዞ ፎቶ የሚነሳለት ሰው አይጠፋም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል አገር አጨብጭቧል። ማረምስ? ለአረም ነቀላ ቲሸርት የለበሰ ሰው አይታችኋል? አረም ዜና የሆነው እምቦጭ ጣናን የወረረ ጊዜ ነው። የጓሮው አረም ግን ወሬ ነጋሪም የለው። ነገሩ ይገባኛል። ጎንበስ ብሎ የሚያርም ሰው ለካሜራ የሚሰጠው ፊቱን አይደለም።

ክረምት ላይ ወደ ቤት የሚመጣ እንግዳም ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። እጁን ኪሱ ከቶ ጓሮውን ቃኘት ያደርግና «ውይ! አረም ውጦታል እኮ!» ብሎ ያዝናል። አዝኖ ሲያበቃ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል።

ይሄ ሁሉ ቀላል ነው። የጓሮ አረም ዋናው ችግር ሰው ነው። እኛ ሰፈር አንዲት ቅጠል ልትነቅል ስትል ጠበቃ ይቆምላታል።

ሳማውን በጓንት ይዤ ስጎትት ጎረቤታችን እማማ በአጥሩ በኩል ብቅ ይላሉ።

«አንተ ልጅ፣ እሱ ደግሞ ምን አደረገህ? በጾም ቀቅለን በልተነው ነው ያደግን!»

እውነታቸውን ነው። ለጋው ሳማ ሲቀቀል መለብለቡን ይተዋል። እሺ፣ ይቅር። ወደ ቱልቱ እዞራለሁ።

«እሱንማ እንዳትነካው! ሥሩ ለሆድ ቁርጠት ነው።»

አውጡ ጋ ስደርስ የልጅ ልጃቸው ታለቅሳለች። ፍሬው እስኪጠቁር እየጠበቀች ነበር። ዳማከሴው ለምች ነው። አስተናግር እንኳን ጠበቃ አላጣም፤ የፍሬው ጭስ ለጥርስ ሕመም ነው ይላሉ። በእሱ ላይ ግን አልደራደርም። ሰው የሚያሳብድ ፍሬ ልጆች በሚጫወቱበት ጓሮ ምን ይሠራል? ነቀልኩት። እማማ ለሁለት ቀን ያህል ሰላምታቸው ቀዝቀዝ አለ።

በዚህ አያያዝ ጓሮዬ ፋርማሲ ሆኗል። የጠፋው ጎመን ብቻ ነው። የሚገርመው ደግሞ እማማ ጓሮ ውስጥ አንዲት ሳማ አታገኙም። ቆስጣቸው በመስመር፣ ሰላጣቸው በመስመር፣ መሐሉ ላይ ገለባ ተጎዝጉዞ አፈሩ ፀሐይ አያይም። ፀሐይ ያላየ የአረም ዘር ደግሞ አብዛኛው እንደተኛ ይቀራል። ፍግ እንኳ ትኩሱን አያስገቡም። ከብቷ ስትግጥ የዋለችው ዘር በሆዷ አልፎ እንደሚበቅል ያውቃሉ። ከምረው፣ አሙቀው፣ በደንብ ሲብላላ ነው የሚበትኑት። ይህን ሁሉ የሚያውቁ ሴትዮ እኔ ጓሮ ሲደርሱ የአረም ወገን ይሆናሉ።

ከሁሉም ጠበቃ ያጣው ሰርዶ ነው። አንድ የምትከራከርለት አህያ ነበረች፤ እሷም «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ብላ ሞተች። ሰርዶው በቀለ።

ሰርዶን አፈሩ ዝናብ ጠጥቶ ሲለሰልስ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ነጭ፣ አንጓ አንጓ ያለው ግንድ ከአፈር ሥር እየተሳበ ይመጣል። ጽጌረዳው ሥር የጀመራችሁት በር ላይ ያደርሳችኋል። ተበጥሶ የቀረ አንጓ ሁሉ ዳግም ይበቅላል። የቀን ሠራተኛ ግን ይሄን አይሰማችሁም። ዶማውን አንስቶ ይከታትፈዋል። ማታ ሒሳቡን ሲቀበል ጓሮው የተላጨ ይመስላል። ሳምንት ሳይሞላ ቁራጩ ሁሉ ጎጆ ወጥቷል። እግረ መንገዱን ደግሞ ገና ያቆጠቆጠውን ካሮት አረም መስሎት ነቅሎላችኋል።

የእድራችን ሰብሳቢ ጋሼ ይሄን ሁሉ ጣጣ አይወዱም። ጎንበስ ማለት ለወገባቸውም ለማዕረጋቸውም አይሆንም። ገጠር ካለ ዘመዳቸው ቱፎርዲ አስላኩና በመርጫ ጓሯቸውን አዳረሱት። ቱፎርዲ ገበሬው ጤፍና ስንዴ ላይ የሚረጨው መድኃኒት ነው። ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ይገድላል፣ የሣር ዘር የሆነውን ያልፋል። ጤፉ የሚተርፈውም ራሱ የሣር ዘር ስለሆነ ነው። እንግዲህ ጋሼ ጓሮ ውስጥ ሰፋፊ ቅጠል ያለው ማነው? ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ የባለቤታቸው ዳሊያ። ሁሉም አንገታቸውን ጠምዝዘው ተኙ። ሰርዶው ቀና ብሎ ግራ ቀኙን አየ፤ የሚሻማው የለም። አጥሩ ድረስ ተንሰራፋ።

ጋሼ ግን እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። አሁን ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ «ጎመኑን ትተን ወደ ግሪን ኤሪያ ገብተናል» ይላሉ። ወንበርም አውጥተውበታል።

ባለፈው ሰሞን ባለቤታቸውን ሆድ ቁርጠት ያዛቸውና ልጅ ወደ እማማ ተላከ። ቱልት ፈልጎ ነው። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ እሰማለሁ።

«እኔ ጓሮ አረም ምን ሊሠራ?» አሉት እማማ። «እዚያ ማዶ ልጁ ጋ ሂድ። እሱ ሰነፍ ስለሆነ የሌለው ነገር የለም።»