ማስተካከያ፦ ሌስሊ ቸንግ በኦፔራ ቤት አላደገም
«ፌርዌል ማይ ኮንኪዩባይን» ስለተባለው የቼን ካይጌ ፊልም ቀደም ብሎ በወጣው ጽሑፍ ላይ፣ በኦፔራ መድረክ ሴት ሆኖ የሚጫወተውን ቼንግ ዲዬዪን የወከለው ሌስሊ ቸንግ «ከልጅነቱ በቤጂንግ ኦፔራ የሠለጠነ» ተብሎ ነበር። አይደለም። ሰውዬው የሆንግ ኮንግ ዘፋኝና ተዋናይ ነበር፤ አፉን የፈታውም በሆንግ ኮንግ በሚነገረው ቻይንኛ፣ በካንቶኒዝ ነው። ለዚህ ሚና ሲል ቤጂንግ ከርሞ የዚያን አገር ቻይንኛ፣ ማንዳሪንን አጠና። የጣት አያያዙን፣ የዓይን አጣጣሉን፣ አረማመዱን ከባለሙያዎች ተማረ። ኦፔራው ላይ የሚሰማው ዜማ ግን የሱ ድምፅ አይደለም፤ ባለሙያ ነው ያዜመለት። ከንፈሩን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ጉድ ነው፣ ማንም አይጠረጥርም! ሌላው፣ ፊልሙ በ1993 እ.ኤ.አ. የካን ፊልም ፌስቲቫልን ከፍተኛ ሽልማት፣ ፓልም ዶርን ያገኘው ለብቻው ሳይሆን ከጄን ካምፒዮን «ዘ ፒያኖ» ጋር እኩል ተጋርቶ ነው።