የዊትቢ ቅስት የፎቶ ቦታ ብቻ አይደለም

ስለ እንግሊዟ የወደብ ከተማ ዊትቢ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን ዊትቢ ወደብ ላይ፣ ገደሉ አናት እንደ ቅስት የቆመውን የዓሣ ነባሪ መንጋጋ አጥንት «ምርጥ የፎቶ ቦታ» ብሎ ማለፉ ቅር አሰኝቶኛል። ከዚያ አጥንት ጀርባ ብዙ ደም አለ። የከተማዋ መርከቦች እ.ኤ.አ. ከ1753 ጀምሮ ወደ ግሪንላንድ ባሕር እየወጡ ከ2,700 በላይ ዓሣ ነባሪዎች ገድለው አምጥተዋል። ስቡ በበርሜል ታሽጎ ይመጣና ወንዙ ዳር በትልልቅ ጋኖች ይቀቀላል። ሽታው አያድርስ ነው! ዘይቱ ለመብራት ሆነ። ከአፉ የሚወጣው ተጣጣፊ ነገር ደግሞ ለሴቶች የወገብ ማጥበቂያ። እስከ 200 ዓመት መኖር የሚችል ፍጡር ለዚህ ሲያልቅ አንጀት ይበላል።

መርከበኞቹም ቢሆኑ የድሃ ልጆች ናቸው። በ1826 «ኤስክ» የተባለችው መርከብ የአርክቲክን በረዶ አልፋ፣ ቤቷ ልትገባ ትንሽ ሲቀራት ማዕበል ሰበራት። የተረፉት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው።

የዊትቢ ዓሣ ነባሪ አዳኝ ካፒቴኖች የነበሩት ስኮርስቢ አባትና ልጅም ሳይነሱ መቅረታቸው ያስቆጫል። አባትየው በምሰሶው ጫፍ ላይ ቃኚውን ከብርድ የሚከልል በርሜል መሳይ መቆሚያ ሠራ። ልጁ ዓሣ ነባሪ እያደነ የበረዶ ብናኞችን በማይክሮስኮፕ እያየ ይስል ነበር። በ1820 ስለ አርክቲክ ያሳተመው መጽሐፍ ለሳይንስ ትልቅ ውለታ ውሏል።

አንድ እርማት፦ አሁን የቆመው አጥንት የጥንቱ አይደለም። በ2003 ከአላስካ የመጣ ነው።