ዕቃው ጣራ ላይ አለ፤ የጎደለው የጅምላ መስመር ነው

በቅርቡ እዚህ ሐዋሳ በተካሄደ አንድ ስብሰባ ላይ «በክልል ከተማ አነስተኛ የኢንተርኔት አቅራቢ መክፈት አያዋጣም፤ ዕቃው ውድ ነው» ሲባል ሰማሁ። ተናጋሪው በቅንነት እንደተናገሩ አልጠራጠርም። ዕቃውን በገዛ እጄ ስሰቅልና ሳወርድ ለኖርኩት ለእኔ ግን ነገሩ አልዋጥ አለኝ።

የማውቀውን ልናገር። አቶቴ አካባቢ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ጣራ ላይ የአንድን ድርጅት ሁለት ቅርንጫፎች የሚያገናኝ ጣቢያ ሰቅለናል። ምሰሶው የሰፈር ብየዳ ቤት የሠራው የብረት ቱቦ ነው። አናቱ ላይ የትሪ ስፋት ያላት ዲሽና ከጀርባዋ የተገጠመች፣ ዳታውን በሞገድ የምትልክና የምትቀበል ራዲዮ አለች፤ ራዲዮዋ መብራት የምታገኘው ዳታውን በሚያመላልሰው በዚያው ኬብል ነው። ከታች ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ተቀምጧል። ራዲዮዋና ራውተሩ አንድ ላይ 20 ዋት አይሞሉም። ባትሪው ቶሎ እንዳያረጅ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም እንኳ 600 ዋት ሰዓት እናገኛለን። መብራት ሄዶ 30 ሰዓት ቢቆይም ጣቢያው ይሠራል ማለት ነው።

እዚያ ጣራ ላይ በጣም ያስቸገረን አባ ኮዳ ነበር። ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ጠግቦ የሚመጣው ይህ ከባድ ወፍ ምሰሶ አናት ላይ ማረፍ ይወዳል። ሲያርፍና ሲነሣ ዲሿን በትንሽ በትንሹ ያዞራታል፤ ጥቂት ዲግሪ ስትዞር ኔትወርኩ ይደክማል። መፍትሔው ምሰሶውን በሦስት አቅጣጫ በሽቦ ወጥሮ መያዝና አናቱ ላይ እግር የማያስቆም ተዳፋት የቆርቆሮ ቆብ መግጠም ሆነ። ዛፍም እንዲሁ ነው። ሁለት ጣራዎች ስለተያዩ ብቻ ነገሩ አይጠናቀቅም። በ5.8 ጊጋኸርዝ ሞገድ የ4 ኪሎ ሜትር ግንኙነት ለመዘርጋት፣ መሃል መንገድ ላይ ከመስመሩ በየአቅጣጫው 7 ሜትር ያህል ይታሰባል፤ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ ስድስት አሥረኛው ክፍት መሆን አለበት። አምና ያልደረሰው ባሕር ዛፍ ዘንድሮ ይገባበታል። እንዲህ ዓይነቱን ነገር የሚያውቀው ሠፈሩ ውስጥ የሚኖር ባለሙያ ነው፤ ለዚህም ነው አነስተኛ አቅራቢ ያስፈልገናል የምለው።

ስለ ራውተሩ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ማታ ማታ «ኔትወርኩ ተጨናነቀ» ሲባል ብዙ ጊዜ የአቅም ማነስ ብቻ አይደለም፤ የወረፋ አያያዝም ጉድለት አለበት። ወፍጮ ቤት አስቡ። አንዱ ሁለት ኩንታል ጤፍ ይዞ ከፊት ቆሟል፤ ከኋላው ሁለት ኪሎ በርበሬ የያዙ እናት አሉ። ጥሩ ወፍጮኛ ኩንታሉን ትንሽ አቁሞ የእናትየዋን ያሳልፋል፤ ባለ ኩንታሉ እምብዛም አይጎዳም። ኤፍኪው ኮደል የሚባለው የወረፋ ዘዴ በራውተር ውስጥ የሚሠራው ይህንኑ ነው። አንዱ ቤት ትልቅ ፊልም ሲያወርድ የጎረቤት የቪዲዮ ጥሪ እንዳይቆራረጥ ያደርጋል። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሊኑክስ በሚባለው ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ ይገኛል፤ የላትቪያው ራውተር አምራች ማይክሮቲክም በሰባተኛው ትውልድ ሶፍትዌሩ ውስጥ አስገብቶታል። በነጻ የሚገኘው የራውተር ሶፍትዌር ኦፕን ደብሊውአርቲም ብዙ አሮጌ ራውተሮች ላይ ይጫናል። ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሚወጡ ልጆቻችን ይህን በሳምንት ይለምዱታል።

ዕቃው ከነጭራሹ ርካሽ ነው አልልም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ሲወሰን በዶላር የሚገዛው ራዲዮ በብር ሲታሰብ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ ደንበኛው ግን የሚከፍለው በብር ነው። ስለዚህ ምሰሶው፣ ሳጥኑ፣ ማቀፊያው እዚሁ ይሠራ፤ ዶላር የሚወጣው ለራዲዮና ለራውተር ብቻ ይሁን፤ በመብረቅ የተመታ የራዲዮ ወይም የራውተር የውስጥ ሰሌዳም ከመጣሉ በፊት ይጠገን።

ዋናው ማነቆ ሌላ ቦታ ነው። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት ኢንተርኔቱ በጎረቤት አገሮች በኩል በፋይበር ይገባል፤ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ድረስ ደግሞ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ይህን መስመር የሰፈር አቅራቢ ሊዘረጋው አይችልም፤ ከባለ መስመሮቹ በጅምላ መግዛት አለበት። አንድ ባልደረባዬ ታቦር ተራራ ሥር ለሚገኙ 52 ቤቶችና አንድ ትምህርት ቤት ለማዳረስ ስሌቱን ሠርቶ ነበር። ያሰበው 100 ሜጋ ቢት በሰከንድ ነው። 52ቱም ቤቶች በአንድ ጊዜ ቢጠቀሙ ለእያንዳንዳቸው ወደ 2 ሜጋ ቢት ይደርሳል፤ ተማሪ የትምህርት ቪዲዮ ለማየት ይበቃዋል። የጅምላ ዋጋ ሲጠይቅ ግን የተሰጠው ለአንድ ሆቴል የሚሰጠው የችርቻሮ ዋጋ ነበር። ስለ ፈቃድ ሲጠይቅም ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ተመላለሰ። ዕቃውን ሳይገዛ ሐሳቡ ቆመ።

የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ዘርፉን ለውድድር ከፍቷል፤ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣንም አቋቁሟል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በይፋ ሥራ ጀምሯል። ይህን ሁሉ በደስታ ነው የተቀበልኩት። ሆኖም ሁለት ግዙፎች ሲወዳደሩ የሚጠቀመው በዋናነት የሞባይል ደንበኛ ነው፤ 30 ኮምፒውተር ያለው የትምህርት ቤት ክፍል በሞባይል ፓኬጅ አይማርም።

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ምሥራቃዊ ኬፕ በሚባለው ክልል ማንኮሲ የተባለ ገጠር አለ። ነዋሪዎቹ ከዌስተርን ኬፕ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው ዘንዘለኒ የሚባል የራሳቸውን ኔትወርክ አቁመዋል፤ ጣቢያዎቹ በሶላር ይሠራሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከዚያው ሶላር ስልክ ቻርጅ እያደረጉ ገቢ ያገኙ ነበር። እዚያ መንገዱን የከፈተው የአገሪቱ ተቆጣጣሪ ነው፤ የነዋሪዎቹን የኅብረት ሥራ ማኅበር ከፈቃድ ግዴታ ነጻ አደረገው።

ሁሉም የየራሱን ራዲዮ ከሰቀለ ሞገድ ይጋጫል የሚል ሥጋት አለ። ትክክል ነው፤ ተጋጭቶ ሲያስቸግረን አይቻለሁ። ስለዚህ ጣቢያዎች ከነአቅጣጫቸውና ከነሞገዳቸው ይመዝገቡ፤ ጠባብ ጨረር ያላቸው ዲሾች ይመረጡ። ደንበኛም በስም ይመዝገብ፤ ተጠያቂነት እንፈልጋለን።

ለአንድ ዓመት በአንድ ቀበሌ ይሞከር። ባለሥልጣኑ ለአነስተኛ አቅራቢ ቀላል የምዝገባ ፈቃድ ያውጣ፤ መስመር ያላቸው ኩባንያዎች ሐዋሳ ላይ የሚሸጡበትን የጅምላ ዋጋ በሜጋ ቢት ለሕዝብ ይግለጹ፤ ከተማ አስተዳደሩም ጣራና ምሰሶ የምንከራይበትን ተመን ያሳውቅ። የባልደረባዬ ደብተር 52ቱን ቤቶችና የትምህርት ቤቱን ጣራ ከነከፍታቸው እንደያዘ ነው፤ ዋጋው በወጣ ማግስት ልኬቱን እንደገና ወስደን መስቀል መጀመር እንችላለን።